ያልቆሰለ እግር

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ ሳይሰማው ሞተ። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ ይህን ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ለብርቄ ቁልቢ ድረስ በእግሬ እሄድልሻለሁ ብዬ አልሄድኩም። መኪና ላይ ወጣሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ብርቄ ጎረቤቴ ናት። ሳቢያን ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ነው የምንኖረው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ማዶ «ይማርሽ» የምልበት ዓይነት ግድግዳ። ከዚራ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ጡቷ ላይ እባጭ ተገኘና ቶሎ ካልወጣ አይሆንም ተባለች። ብርቄ ፈሪ አልነበረችም፤ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ምላሷን የሚሸሽ ሴት ናት። ያኔ ግን ፈራች። ተኝቼ አልነሳም፣ አልቆረጥም ብላ ድርቅ አለች። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ በእግሯ ሄዳ ልትለምነው አስባ አቅም አጣች። «እኔ ልሂድልሽ» አልኳት። እውነቴን ነበር። «አንቺ በእግርሽ ከደረስሽልኝ እኔም ሆስፒታል እገባለሁ» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ከተጓዡ ጋር ወጣሁ። ደንገጎ ዳገት ሥር ስደርስ አንድ ሱማሌ ሹፌር አይሱዙውን አቆመና «አባዮ፣ ነይ ግቢ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ለታመመች ጎረቤቴ በእግሬ እንደምሄድ ነገርኩት። ዳገቱን አየና ሳቀ።

«ታዲያ መኪና ላይ ከወጣሽ ይቆጠርላታል?»

እኔም ሳቅኩና ወጣሁ።

ደክሟት ነው ትሉ ይሆናል። ደክሞኝ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። አልደከመኝም፣ እግሬንም አላመመኝም። ሰለቸኝ። ዳገቱን ቀና ብዬ አየሁና «ማን ያያል?» አልኩ። ወደ ገብርኤል እየሄድኩ ማን ያያል አልኩ። እንዲህ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ነኝ። ቁልቢ ደርሼ ጧፍ ለኮስኩ፣ የክርስትና ስሟን ጠራሁ፣ ሌላ የምለው ጠፋኝ። ቆሜ የሰው ጀርባ ሳይ ቆየሁና ተመለስኩ።

ቤቷ ስገባ ውሃ አሙቃ ትጠብቀኛለች። እንደዚያ ታማ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ጫማዬን አወለቀች። ተዪ አልኳት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኳት። እግሬን ሳፋ ውስጥ ከታ ስታሸው ቆየች። ከዚያ ተረከዜን ገልብጣ አየች፣ በጣቶቼ መሀል አየች።

«አንድም ቦታ አልቆሰለም እኮ» አለች። «ያን ሁሉ መንገድ። አንቺ፣ ገብርኤል ተሸክሞሽ ነው የሄደው።»

እግሬን አቅፋ አለቀሰች። ያኔ መናገር እችል ነበር። አይሱዙ ነው የተሸከመኝ ማለት ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን «አዎ» አልኳት። አዎ ማለቱ ሳያንሰኝ መንገዱን አወራሁላት፤ የት እንዳረፍኩ፣ ማን ውሃ እንዳጠጣኝ፣ ደንገጎ ላይ ምን ብዬ እንደጸለይኩላት። ሁሉንም እዚያው ሳፋው ላይ ፈጠርኩት።

ተቆርጣ ዳነች። ስትነቃ መጀመሪያ የነገረችኝ «እግርሽን እያሰብኩ ነው የገባሁት፣ አልፈራሁም» ብላ ነው። የቀኝ እጇ እንዳበጠ ቀረ እንጂ ይኸው በሕይወት አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልቆሰለ እግሬን በጽዋ ማኅበሩም በለቅሶ ቤቱም ስትመሰክር ኖረች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሴቶቹ ትሕትና ይመስላቸዋል። ከዳነች ምን ቸገረኝ እላለሁ ለራሴ። ምን ቸገረኝ እያልኩ ስምንት ዓመት አለፈ።

አምና ባሌ ድንገት ሞተብኝ። ለቀስተኛው ሲበተን የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ከምሰፋበት ሥራ ቀረሁ። አላለቀስኩም፣ አልጸለይኩም። ምግብ ሲቀርብልኝ አይቼው ይነሳል። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን አያለሁ። ታኅሣሥ ሲገባ ብርቄ መጥታ «በቃ፣ ተራው የኔ ነው» አለችኝ። «እንዳንቺ በእግሬ ሄጄ እለምንልሻለሁ።»

እንድትቀር ማድረጊያው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እውነቱን መንገር። አልነገርኳትም። ያንን ያበጠ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። ደንገጎን በእግሯ ወጣችው።

ስትመለስ ካልሲዋ ከእግሯ ጋር ተጣብቆ ነበር። ውሃ አሞቅኩ። ተረከዟ ተልጧል፣ ሁለት ጥፍሯ ተነቅሏል፣ ሳፋው ቀላ። እሷን እያጠብኩ ከስንት ወር በኋላ ራበኝ። ከቁልቢ ካመጣችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ በላሁ። በማግስቱ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ አባታችን ሆይ አልኩ፣ ሥራ ልመለስ አሰብኩ። ብርታት የሚሉት ይህ ከሆነ አገኘሁት፤ ያገኘሁት ግን በእሷ እግር ነው።

እሷ ያን ቀን እግሯን እያየች አፍራ ነበር።

«ያንቺ አንድም አልቆሰለም ነበር» አለችኝ። «የኔ እምነት ጎዶሎ ነው ማለት ነው።»

ዝም አልኩ። ከመኪናው የባሰው በደሌ ይህ ዝምታ ነው።

በሳምንቱ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ለእምነቴ ማነስ ቀኖና ስጡኝ አለች። ምንም አላጠፋሽም ቢሏት እምቢ ብላ ለመነች። ቢቸግራቸው ስገጂ አሏት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለቄሱም ያልተናገርኩት እግዜር ይፍታሽ እንዳይሉኝ ነው። እሷ ሳታውቅ ተፈትቼ ምን ልሆን?

ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ወለሉ ላይ ሲያርፍ በግድግዳው ይሰማኛል። እግሯ ገና አልዳነም፤ ስትነሳ ታቃስታለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። ዛሬም አርባ አንድ ሰገደች። ስትጨርስ ግድግዳውን በእጇ መታ መታ አድርጋ «ቁርስ ደርሷል፣ ነይ» አለችኝ።

ሄጄ በላሁ።