ፊልም ያልወጣለት ጥርኝ

ትንሿ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና አንድ የጌም እንስሳ ፊልም እንደ ወጣለት አሳየችኝ። «እማ፣ አንቺ የምታወሪልን ጥርኝስ ለምን ፊልም አልወጣለትም?» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን የታወሰኝ የድሮ ጭስ ነው። ጉሮሮዬን ሲይዘኝ፣ ወደ በሩ ስዞር፣ በሩ ከውጭ መቆለፉ ትዝ ሲለኝ። አደጋ ውስጥ መሆናችንን ያወቅሁት ያኔ ነበር።

ነገሩ የሆነው ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን ነው። አሶሳ ውስጥ በየመንደሩ ቢሮ ይከፈታል፣ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ ሻንጣውን ይዞ ቤት ይፈልጋል። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ ትንሿን እህቴን ዘነቡን ይዤ፣ የአክስቴ ባል ጋሽ ይመር ቪዲዮ ቤት እሠራ ነበር። ግድግዳው ቀርከሃ ነው፤ ብርሃን እንዳያስገባ ከውስጥ በካርቶን ለብጠነዋል። ሌላ ቀን ልጆች ጌም ይጫወቱበታል፤ የገበያ ቀን ከሰዓት ፊልም ይታያል። ፊልሙ ሲጀመር በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ ሳይከፍል የሚሾልክ ስለሚበዛ። ሁሉም ቪዲዮ ቤት እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ ክፋቱ ለማንም አልታየም። የእኔ ሥራ ከፊት ቆሞ ፊልሙን በአማርኛ ማስረዳት ነው። የውጭ ቋንቋ ከየት አውቄ፤ ከሁኔታው እየገመትኩ አወራለሁ፣ ሰዉም ያምነኛል።

ጥርኝ የምንለው ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ዥንጉርጉር የጌም እንስሳ ነው። ልጆቹ «ፊልሙ መቼ ይመጣል?» እያሉ ጋሽ ይመርን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ዝናቡ ጀምሮ ማንጎው ወደ ማለቁ ሲል፣ የፊልም ካሴት የሚያመጣልንን መኪና ጭቃ ያዘው። ቤቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል።

«ጥርኙን ክፈቺና ፊልሙ ነው በያቸው» አለኝ ጋሽ ይመር።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መሮጥ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እናት ስጪው፣ ጠላት ስጪው። አፍ እንደሆነ አላነሰሽም።»

በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጄኔሬተር ሄደ።

ዘነቡ የጌሙን ጆይስቲክ ያዘች፣ እኔ አወራሁ። እናቱን ሽፍታ ወስዶበት ሊፈልጋት ወጣ አልኩ። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ጥርኙ ገደል ሲገባ አንዲት ሴት «እኔን» አለች። ወዲያው ተነሥቶ ሮጠ። ደግሞ ገባ፣ ደግሞ ተነሣ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «የእኔ ልጅ፣ ይሄ የማይሞት ከሆነ እኛን ምን አስቀመጠን?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሳያልቅ ነው ጭሱ የገባው። በጄኔሬተሩ በኩል ግድግዳው ተያይዟል። ጋሽ ይመር ከውጭ «ውሃ፣ ውሃ» ይላል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መሆኑን የረሳው ይመስለኛል።

አጠገቤ ሐሊማ የምትባል የበርታ ሴት ትንሽ ወንድ ልጇን ይዛ ተቀምጣ ነበር። የቀርከሃ ቡቃያ ከጫካ ቆርጣ ገበያ የምታመጣ ናት። ገጀራዋን ከዘንቢሏ አውጥታ ካርቶኑን ቀደደች፣ ግድግዳውን ትመታው ጀመር። ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሲከፈት ልጇን አስጠግታ፣ ጎኑን ልታሰፋ ዞር አለች። እኔ ዘነቡን በብብቷ ያዝኩና ልጁን በክርኔ ገፋሁት። ወደቀ። እህቴን አሾልኬ እየተጣበብኩ ተከትዬያት ወጣሁ። ስወጣ እግሬ አንድ ለስላሳ ነገር ረገጠ፤ የልጁ እጅ ነበር፣ የተቆረጠው ቀርከሃ ስለት ላይ። አውቄዋለሁ። አልቆምኩም።

ሐሊማ ቀዳዳውን አስፍታ ሁሉም ወጣ፣ የሞተ የለም። በኋላ የልጇን እጅ በሻሿ ጠቅልላ ተቀምጣ አገኘኋት። «የገፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። «አውቃለሁ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «እኔ ቆረጠ፣ አንቺ ወጣ።»

የልጁ ሁለት ጣቶች አልታጠፍ ብለው ቀሩ። ዛሬ እዚሁ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ያቆምና «እትዬ፣ ግቢ ላድርስሽ» ይለኛል። ፀሐይም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን፣ በእግሬ እሄዳለሁ።

ለልጄ፣ «ጥርኙ የማይሞት ስለሆነ ነው፤ ማን ይፈራለታል?» አልኳት።

«ፊልም የወጣለትም እኮ አይሞትም፣ እማ።»

ምናልባት ፊልም ሠሪዎቹ ለዚያኛው ቢሞትበት የሚያዝንለት ሰው ሰጥተውት ይሆናል። እኔም ለጥርኙ እናት ፈጥሬለት ነበር፤ አጠገቤ የነበረችውን እናት ግን አላየኋትም። ከወለድኩ ወዲህ ሰው በተጨናነቀበት ሁሉ የልጆቼን እጅ እስኪያማቸው አጥብቄ እይዛለሁ። እሳት አይደለም የምፈራው። እንደ እኔ ያለች ሴት ከኋላቸው እንዳትኖር ነው።

ያን ቀን እኔን ምንም አልነካኝም፣ ጭረት እንኳ። እህቴን ይዤ ወጣሁ። ደኅና ነበርኩ።