ጌት ከነጓደኞቹ

ወንድሜ ጀማል ለመጨረሻ ጊዜ ያስተማረበት ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ሰኞ ነው። ሮቤ ጠዋት ዘንቦ አባርቷል። ክፍላችን የረጠበ ጋቢና የፈረስ ላብ ይሸታል። ጀማል ሰሌዳው መሀል ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ብቻ ጻፈ፦ ጌት። ጠመኔውን አስቀመጠና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«ይኼ ግስ ብቻውን ማንም አይደለም» አለ። «ማንነቱን የምታውቁት ከማን ጋር እንደመጣ ስታዩ ነው።»

ይህን የምጽፈው እንደኔ በትንንሽ ክፍል እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ነው። መጻፍ ብዙም አልለመድኩም፤ እንደመጣልኝ እናገራለሁ።

አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ቱሪስት ይዘው የባሌን ተራሮች የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ፈረስ የሚጎትቱ፣ ድንኳን የሚተክሉ፣ ምግብ የሚያበስሉ። አስጎብኚ መሆን የፈለገ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው፤ ጎባ ይሰጣል። ያመለጠው ሌላ ዓመት ፈረስ ይጎትታል። የዚያ ዓመት ፈተና የዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ጀማል «ቤት ከምትቀመጥ ጀማሪዎቹን ያዝልኝ» አለኝ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ሰሌዳው ላይ «ጌት ማለት ማግኘት» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ቆሞ ያያል። መጥቶ በእጁ አጠፋው።

«ይኼን ካስጠናሃቸው ተራራ ላይ ዝናብ የመታውን ፈረንጅ ‹እርጥበት አገኘህ ወይ› ይሉታል» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ቃል ለብቻው አስጠንቼ አላውቅም።

የጀማል አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ተማሪ የግሱን አንድ ጓደኛ ያሸክመዋል። ሳምንቱን ሙሉ የዚያ ተማሪ ስም እሱ ነው። አንዱ ዌት፣ አንዱ ሎስት፣ አንዱ ታየርድ ይባላል፤ የረጠበ፣ የጠፋ፣ የደከመ እንደማለት ነው። ጀማል «ጌት!» ብሎ ሲጣራ ተማሪው ተነሥቶ በራሱ ላይ የደረሰ ነገር ይናገራል። ውሸት አይፈቀድም።

ሰኞ ዕለት ማሪድ የደረሰው ለሀዋ ነበር። ሀዋ ጎባ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው።

«ቲቸር፣ እኔ መቼ አገባሁና ነው ማሪድ የምባለው? ለኦቦ ሁሴን ስጣቸው። ሦስቴ ያገቡት እሳቸው ናቸው።»

ኦቦ ሁሴን የዲንሾ ሰው ናቸው፤ ፈረስ ሲጎትቱ የኖሩ፣ በዕድሜ የአባታችን እኩያ።

«ሁለቴ ነው፣ አንቺ!» አሉ። «ሦስተኛዋን አንቺ ልትድሪልኝ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጀማል «እሺ፣ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ይንገሩን» አላቸው።

የኦቦ ሁሴን የራሳቸው ቃል ኮልድ ነበር። ተነሡና «ኮልድ ጌት ሚ» አሉ። ይህን ስህተት እኛ አገር ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በእኛ ቋንቋ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ ነው የምንለው። ብርዱና ረሃቡ ነው ሰው ላይ የሚሠራው፤ ሰውየው ተቀባይ ነው። በኦሮምኛም ብርድ ነው ሰውን የሚይዘው። በእንግሊዝኛው ግን ሰውየው ከፊት ይቆማል፤ «አይ ጌት ኮልድ» ይላል።

«ኦቦ ሁሴን፣ እርስዎ ይቅደሙ። ብርዱ ከኋላ ይከተልዎት» አላቸው ጀማል።

«ሰነቴ አምባ ላይ ብርዱ ነው የሚቀድመው፣ ልጄ።»

ጀማል በጣም ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። አሁን ሳስበው የሚመጣብኝ ያ ሳቁ ነው።

በዚያ ቀን ቅጽሎቹን ጨረስን። ጌት ከቅጽል ጋር ሲሄድ ከነበሩበት ወደ ሌላ መለወጥ ነው፦ መርጠብ፣ መታመም፣ መጥፋት። ከስም ጋር ሲሄድ ግን አንድ ነገር ወደ እጅ ይመጣል። «ስሞቹን ነገ» አለ ጀማል። ከሰዓት በኋላ የፈተናውን ቦታ ሊያረጋግጥላቸው በባጃጅ ወደ ጎባ ሄደ።

መንገዱ ርጥብ ነበር። ባጃጇ ተንሸራታ የቆመ የጭነት መኪና ሥር ገባች። በጀማል ስልክ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። «የዚህ ልጅ ምኑ ነህ?» አለኝ። ወንድሙ ነኝ አልኩት። «ጎባ ሐኪም ቤት ና» አለኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ ሸፍነውታል።

ማክሰኞ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ቀበርነው። ተማሪዎቹ ሁሉ መጡ። ኦቦ ሁሴን ቃሬዛውን ከፊት ይዘው መቃብር እስኪደርስ ለማንም አልለቀቁም።

ከቀብር በኋላ ታደሰ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ታደሰ ከተማሪዎቹ አንዱ ነው፤ ተራራ ላይ ምግብ ያበስላል። መሬት መሬት እያየ ነገረኝ።

«ትንሹ ቲቸር፣ ተነጋግረናል። ሐሙስ አንሄድም። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኛ ለፈተና ብንሰለፍ ነውር ነው። ደግሞ ግማሹን አልተማርንም።»

ጀማል የሞተው ለዚያ ፈተና ሲሄድ ነው። እነሱ ካልተፈተኑ መንገዱ ለምን ነበር? እንዲህ ብዬ ግን አልተናገርኩም። «ነገ ጠዋት ክፍል ኑ» ነው ያልኩት።

አጎቴ ሐጂ አማን ሰሙኝ።

«ነጂብ፣ የት ልትሄድ ነው? ሰው ከጊኒር ድረስ አላህ ያጽናህ ሊልህ እየመጣ ነው። የሟች ወንድም ሦስት ቀን ይቀመጣል።»

«ሐጂ፣ ጠዋት ብቻ ነው። እርስዎ ይቀበሉልኝ።»

«እኔን ብለው ነው የሚመጡት? ሰብር አድርግ፤ ታግሠህ ተቀመጥ። ትምህርት አይሸሽም።»

«ፈተናው ግን ያመልጣቸዋል» አልኩ።

ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ። አልፈቀዱልኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።

ረቡዕ ንጋት የሱብሂን ሶላት ሰግጄ ክፍሉን ከፈትኩ። ከአንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም መጡ። ጌት ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ሄልፕ፣ ፐርሚሽን፣ ወተር ብዬ አከልኩ፤ እርዳታ፣ ፈቃድ፣ ውሃ ማለት ነው። ላስረዳ ስል ድምፄ ተቆረጠ። ጠበቁኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ተቆረጠ።

ሀዋ እጇን አወጣች። እንድታግዘኝ ብላ ይመስለኛል።

«ትላንትና... ሰኞ ጌት ዌት ረጠብኩ ነው ብላችኋል። እንግዲያው ጌት ወተር ውሃ ሆንኩ ሊሆን ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «ውሃ ከስሞቹ ወገን ነው። ቀድተሽ መጣሽ ማለት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ኦቦ ሁሴን። «ውሃ ብትሆኚ ኖሮ ፈረሴ ይጠጣሽ ነበር።»

ሳቅ ተነሣ። ወዲያው ሁሉም አፋቸውን ያዙ፤ ሀዋ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። «ምንም አይደለም» አልኳቸው። እንደ እሱ አሠራር እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ስም አሸከምኳቸው። ፐርሚሽን ለሀዋ፣ ሄልፕ ለታደሰ። ሁሉም ተነሥተው በእነሱ ላይ የደረሰውን ተናገሩ። ታደሰ አንድ ክረምት ጭጋግ ውስጥ እግሩ የተሰበረ ሰው ይዞ እርዳታ ፍለጋ እንዴት እንደሮጠ በእንግሊዝኛ ነገረን። ሁለት ቦታ ተሳሳተ፤ አረምኩት። አስተካክሎ ደገመው።

ስንጨርስ ኦቦ ሁሴን ሌሎቹን ዞረው አዩ። «ነገ ጎባ እንሄዳለን» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይኼ ነው። በቀብር ማግስት ማስተማር ይቻላል። የመምህሩ ድምፅ ይቆራረጣል፤ ተማሪው ግን ይሰማል። ክፍሉን ቆልፌ በእግሬ ወደ ለቅሶው ተመለስኩ። ሐጂ ቀና ብለው አላዩኝም። ከጎናቸው ተቀመጥኩ።