ትራፊ የተባልኩበት ቤት

ልጅ ሳለሁ ያደግሁት ሙጃ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ነው። እናቴ፣ አባቴና ታናሽ ወንድሜ በአንድ ክረምት ተስቦ ይዟቸው ተከታትለው ሞቱ። እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ግን ዳንኩ። የአባቴ እህት፣ እቴቴ የምላት፣ መጥታ አዝላ ወሰደችኝ። ባሏ ሞላ ሳይወድ ተቀበለኝ።

በዚያ ቤት ምሽቱ የሞላ አባት የአባባ ይመር ነበር። ያኔ መብራት ስላልገባልን ራት እስኪደርስ ምድጃውን ከበን እንቀመጣለን፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ እየተርገበገበ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ስለ ጅቡ፣ ስለ ብልጧ ጦጣ፣ ሌሊት ሌሊት ከጠራቢዎቹ ጋር የላሊበላን ቋጥኝ ስለሚፈለፍሉት መላእክት ያወሩልናል። አንደበታቸው ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

ከተረቱ በፊት አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ከነገር ሁሉ የሚቀረው የራሱ ስም አለው ይሉና ይጠይቁናል። ከጠላ የሚቀረው? አተላ። ከአውድማ? ግርድ። ከተቆረጠ ዛፍ? ጉቶ። ከእሳት ሲሉን አንዳችን ረመጥ፣ ሌላችን አመድ እያልን እንጣላለን። አተላው ለከብት፣ ግርዱ ለዶሮ እንደሚሆን ያስረዱናል፤ ቀድሞ ለመለሰም ከጋቢያቸው ሥር ቆሎ ይሰጡታል። አብዛኛውን ጊዜ የምቀድመው እኔ ነበርኩ።

አንድ ምሽት ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ያንኑ ጨዋታ ጀመሩ። አተላው፣ ጉቶው ተባለ። ቀጥለው ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ «ከታደሰ ቤትስ?» አሉ።

ታደሰ አባቴ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ለመቅደም አፌን ከፍቼ ነበር። ጥያቄው ሲገባኝ እንደተከፈተ ቀረ።

«ትራፊ» አለ የእቴቴ ልጅ አበራ።

ቤቱ ሳቀ። አባባ ይመር ቆሎውን ለእሱ ሰጡት።

ከዚያ ምሽት በኋላ በስሜ የሚጠራኝ ጠፋ። የሞት ትራፊ ማለት ያለ ነው፤ ሰው ከክፉ በሽታ ሲነሳ ወዳጆቹ በመገረም የሚሉት ነው። እነሱ ግን ሞቱን ትተው ትራፊውን ብቻ ያዙት፤ ትሪ ላይ የተረፈ ነገር እንደሚጠሩት ይጠሩኝ ጀመር። ሠርግ ቤት ወጥ እንዳልነካ ይነገረኛል። ቤተሰቧን ጨርሳ የቀረች እያሉ፣ እየሰማሁ ያወራሉ። እቴቴም ትሰማለች፤ ግን ዝም ትላለች። በእሷም እናደድ ነበር፤ ከሁሉም በላይ በእሷ።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ከኩልመስክ ሽማግሌ መጣ። እኔን ሊያገባ የላካቸው ሰው ሚስቱ የሞተችበት ነው፤ ልጆቹ ከእኔ ይበልጣሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ልጅቷ ሕፃን አይደለችም ወይ ብሎ ቢያመነታ፣ አባባ ይመር እንደ ተረታቸው ሁሉ ረጋ ብለው «ለትራፊ ትራፊ ይበቃዋል» አሉ። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ።

እኔ ጓዳ ነበርኩ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ብቻ ፊታቸው ቆሜ ተገኘሁ።

«አባባ፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ስም ሁሉ የዕቃ ነው» አልኳቸው። «እኔ ስንዱ ታደሰ ነኝ።»

ሞላ ዱላውን አንስቶ ተነሳ። እቴቴ መሃል ገባች። በዚያ ቤት ድምፅዋ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም ከፍ አላለም።

«ይህችን ልጅ ከወንድሜ ሬሳ አጠገብ ያነሳኋት እኔ ነኝ» አለች። «አልሰጥም።»

ሲነጋ ይዛኝ ወጣች። ላሊበላ ወስዳ የእናቴ አጎት ለሆኑ አንድ መሪጌታ አስረከበችኝና ወደዚያው ቤት ተመለሰች። ምን እንደጠበቃት የሰማሁት ቆይቶ ነው። ሞላ ደብድቧታል፤ ያን ዓመት ሙሉ በራሷ ቤት ለብቻዋ ተቀምጣ በልታለች።

ትምህርቴን ጨርሼ እዚሁ ላሊበላ አስተማሪ ሆንኩ። አባባ ይመር ሲሞቱ ለእቴቴ ብዬ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ተረታቸውን ያነሳል፤ አንዱ ትተውልን የሄዱት ቅርስ ነው አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእሳቸው ለቀረው ቅርስ የሚባል ቃል ተገኘለት። አበራ አጠገቤ ተቀምጦ ያንን ጨዋታ ታስታውሻለሽ ወይ ብሎ ፈገግ አለ። ፊቴን ሲያይ ደግሞ «ተይው እንግዲህ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለኝ።

«ላንተ ነው ያለፈው» አልኩትና ተነሳሁ።

እቴቴ ቦርሳዬን ይዛ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። አርጅታለች፤ በየመሃሉ እየቆምን ነበር የሄድነው። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጄን ይዛ «ለእኔም አላለፈም» አለችኝ።

የአባባ ይመር ተረቶች ዛሬም አልጠፉብኝም። ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፤ እኔ በየመሃሉ ደሜ ይፈላል። ይቅር በያቸው የሚሉኝ አሉ፤ አላልኩም። ከለቅሶው በተመለስኩበት ቀን ግን መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ እቴቴ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የተናደድኩ ይመስለኝ ነበር።