ያላየሁት እግር

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ቀራንዮ ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና አሳሪ፣ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሲስተር ብርነሽ ነጭ ጋዋን፣ የቆርቆሮ ሣጥንና የታካሚዎች ካርድ ሰጡኝ። ጋዋኑ ሰፍቶኝ ነበር። ቢሆንም ሰው እንዲያየኝ ብዬ ለብሼው እስከ አየር ጤና ድረስ ያለ ምንም ጉዳይ ሄጄ ተመለስኩ።

ሥራዬ በየመንደሩ እየዞርኩ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ራሳቸውን እንዲጠብቁ ማስተማር ነበር። በሽታው እግርን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሚስማር ቢወጋው አይሰማውም። ስለዚህ በየቀኑ እግሩን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ውስጥ እግሩን በትንሽ መስታወት ያያል። ቁስል ካገኘ ሥራ አቁሞ ወደ እኛ ይመጣል። የእኔ ድርሻ በሳምንት አንድ ቀን እየሄድኩ እግሩን ማየትና ካርዱ ላይ መጻፍ ነው። ሲስተር «ጠይቀህ ብቻ እንዳትመለስ» ብለውኛል።

ከታካሚዎቼ አንዱ ጋሽ ደምሴ ሸማኔ ነበሩ። ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው። እንጀራቸው በእግራቸው ነበር።

የመጀመሪያው ረቡዕ ስገባ «ኖር!» ብለው ሊነሱልኝ ሞከሩ። እኔ ጢሜ ገና ያልበቀለ ልጅ፣ እሳቸው የአባቴ እኩያ።

«በእግዜር! ኧረ አይነሱ!» አልኩ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«እግርዎን ያያሉ?»

«አያለሁ ልጄ።»

«ቁስል አለ?»

«የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከክሊኒኩ የተሰጣቸው መስታወት ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። በክብር መያዙ ደስ አለኝ። እዚያ የተሰቀለ መስታወት ፊት እንጂ እግር እንደማያሳይ አላሰብኩም። ካርዱ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

በየረቡዑ እንዲሁ ሆነ። ኖር ይላሉ፣ በእግዜር እላለሁ፣ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ትልቅ ሰው ከሥራው አስነስቶ እግርዎን ያሳዩኝ ማለት ብልግና መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ለእኔም ተመችቶኝ ነበር። የታመመ እግር መንካት እጸየፍ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ረቡዕ ሚስታቸው እትዬ አስካለ በር ድረስ ሸኙኝና ጋሽ ደምሴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ መተዋቸውን ነገሩኝ። ከጎረቤትም አይጫወቱም፣ ሲተክዙ ይውላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አጠገቡ ተቀምጠህ አናግረው ተብለን ተምረን ነበር። እኔ ግን ከደጅ ሆኜ «ወጣ ወጣ ይበሉ እንጂ ጋሽ ደምሴ! ሙሽራ ሆኑ እንዴ?» ብዬ ቀልጄ ሄድኩ። ለካ ከሰው የራቁት እግራቸው መሽተት ስለጀመረ ነው።

በስምንተኛው ረቡዕ ስደርስ ጉድጓዱ ባዶ ነበር። ጋሽ ደምሴ መደብ ላይ ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢውን ገለጥኩት። ቀኝ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ከመርገጫው የተሰነጠቀ ስንጥር ተረከዛቸው ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፉ። «እኔማ አሳየው ብዬው ነበር ልጄ። ‹ማየት ቢያስፈልግ ኖሮ ይነሱ ይለኝ አልነበር? አይነሱ የሚለኝ ደህና ብሆን ነው› ይለኛል።»

ጋቢውን መልሼ አለበስኳቸው።

ሆስፒታል ወስደናቸው እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። በማግስቱ ሲስተር ብርነሽ ካርዱን ይዘው ከጋሽ ደምሴ አልጋ አጠገብ ቆሙ።

«ሰባት ጊዜ ደህና ብለህ ጽፈሃል። አይተህ ነው?» አሉኝ።

«ነግሬያቸው ነበር፤ ምክሬን አልሰሙም» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ሲስተርን «እውነቱን ነው፣ ነግሮኛል» አሏቸው። «ቸል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁን አይቆጡት።»

እግራቸውን ያጡት ሰውዬ እኔን ከቁጣ ሲያድኑ ዝም ብዬ ቆሜ ሰማሁ። ሲስተር ካርዱ ላይ «ታካሚው ምክር አልተቀበሉም» ብለው ጽፈው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያላየሁትን እግር አይቻለሁ ብዬ አልጻፍኩም። ሲስተር ግን እውነቱን ሳልነግራቸው ሞቱ። ጋሽ ደምሴ ቤትም ተመልሼ አልሄድኩም፤ ቤታቸው ከክሊኒኩ የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር።

ይህን የምታነቡ ወጣት ባልደረቦቼ፣ ሰው ራሱን እንዲጠብቅ የምታስተምሩ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን እዩ። ካላያችሁ ደግሞ አላየሁም ብላችሁ ጻፉ።