ፀሐይ ያየው ዘይት

አባቴ ዕድሜውን በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ ቢወጣም እጁ ግን ጡረታ አልወጣም። ከግቢያችን የኒም ዛፍ የሚረግፈውን ፍሬ እየለቀመ የተባይ መድኃኒት መሥራት ያዘ። ፍሬውን ጥላ ላይ ያደርቃል፣ ይፈለፍላል፣ ይወቅጣል፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረገ ሲያሸው መራራ ዘይት ይወጣዋል። እጁ ሁልጊዜ የከረመ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እናቴ "ከዚህ ሰውዬ ጋር እንዴት ማዕድ ይቀረባል?" እያለች ታጉረመርማለች፤ ዘይቱም ቤት እንዳይገባ ከልክላ ነበር። ፍሬውን ግን አብራው ትፈለፍላለች።

ደንበኛው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰመራ ጓሮዬ ውስጥ ለምተክላት ቲማቲም ጠርሙሱን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ በጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ይልክልኛል። ወዲያው ይደውላል።

"ፀሐይ አሳየሽው እንዴ? ፀሐይ ያየው የኒም ዘይት ከውሃ አይሻልም፣ ልጄ። መግሪብ ሲደርስ ርጪው።"

ለእኔ እንኳ እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ዘንድሮ ልቡ ደከመ። ሁሉን ነገር ሲተው ዘይቱን ግን አልተወም። የእኔን ድርሻ አዘጋጅቶ፣ ጠርሙሶቹን ጓሮ ደርድሮ፣ ወፍራም ጥቁር ሸራ አልብሶ ሹፌር ሲጠብቅ አንድ ጠዋት አረፈ። ሚሌን አልፌ ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ተቀበረ። ፊቱን አላየሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

የሐዘኑን ቀናት ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ በሸራ ተቀጥሏል፤ እኔም ከዚያ ሥር ነበርኩ። የአዋሽን ፀሐይ ለሚያውቅ ጥላ ትልቅ ነገር ነው፣ ያዘጋጁትን መረቅኩ።

ልሄድ ስል ዘይቴን ፍለጋ ጓሮ ዞርኩ። ጠርሙሶቹ ራቁታቸውን ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ቡናማው ዘይት ገርጥቷል። እናቴ ከኋላዬ መጣች።

"ለቀስተኛው በፀሐይ ከሚነድ ብዬ ሸራውን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። አባትሽ፣ አላህ ይርሐመው፣ ሰው ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ አይወድም ነበር። በይ ውሰጂው፣ የመጨረሻ የእጁ ሥራ ነው።"

ሐዘን አስረስቷታል። እኔም አላስታወስኳትም። ጠርሙሶቹን እንደ እሱ አድርጌ በጥቁር ጨርቅ ጠቀለልኳቸው።

ሰመራ ገብቼ፣ መግሪብ ጠብቄ፣ ከሳሙና ውሃ ጋር በጥብጬ ረጨሁት። ምናልባት ትንሽ ኃይል ቀርቶት ይሆናል ብዬ ነበር። ትሉ ግን ምንም እንዳልመጣበት ቅጠሉን መብላቱን ቀጠለ። የመጨረሻው ጠርሙስ ባዶ ሲሆን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ጣሳ ይዤ ትሉን በእጄ መልቀም ጀመርኩ።

እናቴ ደወለች። "ሠራልሽ?"

"ሠራልኝ፣ እማዬ። አንድም ትል የለም።"

"አልሐምዱሊላህ! እጁ እኮ ነው" አለችና ተንሰቀሰቀች።

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ አጽናናኋት፤ ትሉን መልቀሜንም አላቆምኩም።