ጭብጨባ የሌለው ዱዓ

«የማን ወገን ነህ?» አሉኝ ሱቄ የገቡት ታጣቂዎች። «የወልድያ ልብስ ሰፊ ነኝ» ብዬ መለስኩ። ያሾፍኩባቸው መሰላቸው። ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ መኪና ላይ አወጡኝና መርሳ አወረዱኝ። ጦርነቱ ወደኛ በቀረበበት በዚያ ሰሞን ሰው ጎረቤቱን ይጠረጥር ነበር፤ እኔ ደግሞ አባቴ ትግራይ የተወለደ በመሆኑ ለጥርጣሬ የተመቸሁ ነበርኩ።

ያሰሩን የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነው። ሽንኩርቱ ተወስዶ ሽታው ብቻ ቀርቷል። አዲስ የገባ ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ለምን እንደሚያለቅስ ማንም አይጠይቀውም። በሩ ብረት ነው፤ ጠባቂው የሚከፍተው በእርግጫ ነበር።

ስምንት ነበርን። ከጎኔ የሚተኙት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ግራና ከሚባል ቦታ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። እኔ ሰውን የማውቀው በጀርባው ነው፤ ሥራዬ ነዋ። የእሳቸው ጀርባ ግን አላምር አለኝ። ተቀምጠውም ቆመውም አይታጠፍም። አንድ ቀን ሲነሱ ደግፌያቸው እጄ ቢያርፍበት ሳንቃ የነካሁ መሰለኝ።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉኝ። «ጅን ነው ይላሉ። አላሁ አዕለም፤ እሱ ያውቃል።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂው ለቆጠራ መጥቶ በሩን ሲረግጠው አባባ በቆሙበት ደረቁ። እግራቸው ተወጠረ፣ መንጋጋቸው ገጠመ፤ እጃቸውን እንኳ ሳይዘረጉ በግንባራቸው ተደፉ። አእምሯቸው ግን አልሳተም። ወለሉ ላይ ሆነው ሁላችንንም ያዩናል።

«ተነስ!» አለ ጠባቂው። መናገር አልቻሉም። «አስመሳይ! ነገ በእግሩ ቆሞ ስሙን ካልተናገረ በመኪናው ይሄዳል።»

መኪናው የት እንደሚሄድ አናውቅም። ከሄዱት የተመለሰ እንደሌለ ግን እናውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ አብረውን የታሰሩ አንድ የመርሳ ነጋዴ ሽማግሌ «ወዳጃ እናድርግላቸው» አሉ። ወዳጃ የአገራችን ልማድ ነው፤ ሰው ሲቸገር ተሰብስቦ እያጨበጨቡ ዱዓ ማድረግ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ላይ ግን ለዱዓ የጠራህ ሰው ሃይማኖትህን አይጠይቅህም። አባባን መሐል አስቀመጥናቸው። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ደገፍኳቸው። ሽማግሌው እየመረቁ ሌሎቹ «አሚን!» እያሉ አጨበጨቡ።

አባባ ተወጠሩ።

«ጅኑ ሊወጣ ነው! በርቱ!» አለ አንዱ። በረቱ። ከልባቸው ስለሆነ መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። እኔ ግን እጄ ጀርባቸው ላይ ነበር። መዳፍ በተመታ ቁጥር ጀርባው ይጠብቃል፤ በመሐል ሊላላ ሲል ሌላ ጭብጨባ ይደርስበታል።

«ተው! ተው!» ብዬ ጮህኩ። በእኔም ጩኸት ተወጠሩ። አፈርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የሚጥላቸው ድንገተኛ ድምፅ ነው። ጭብጨባችን ነው እየጎዳቸው» አልኩ።

ጭብጨባው ቆመ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ብዙ አዩት። ከዚያ «እንግዲያው በዝግታ እንላለን። አላህ ሹክሹክታም ይሰማል» አሉ።

ስድስቱ እጃቸውን ዘርግተው፣ እኔ የአባባን ጀርባ እንደያዝኩ፣ በሹክሹክታ አሚን አልን። ቆይቶ ጀርባው ከእጄ ሥር ሲላላ ተሰማኝ። አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ በሽንኩርቱ አላመካኘሁም።

ማታ ጠባቂው ውሃ ሲያመጣ ሽማግሌው ወደ በሩ ቀረቡ። «ልጄ፣ እኒህ ሰው አያስመስሉም። ድንጋጤ ነው የሚጥላቸው። ነገ ከመክፈትህ በፊት ንገረን። ሌላ የምንለምንህ ነገር የለም።»

ጠባቂው ውሃውን አስቀመጠ። ወጥቶ በሩን በኃይል አላተመው። አባባ ሲወጠሩ እኔ በሆዴ ተራገምኩ።

ጠዋት አባባን ግራና ቀኝ ይዘን አቆምናቸው። የጠባቂው የእግር ኮቴ ቀረበ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«አባባ» አለ ከውጭ፣ ቀስ ብሎ። «ልከፍት ነው።»

በሩ ያለ ድምፅ ተገፋ። አባባ እጃችንን አስለቀቁን። ብቻቸውን ቆመው ስማቸውን ከነአያታቸው ተናገሩ። ጠባቂው ጻፈና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ። መኪናው ያለ እሳቸው ሄደ። የዚያን ቀን ደስታዬ ከመፈታቴ ቀን ደስታ ይበልጥ ነበር።

«ከዚህ ስንወጣ ኮት እሰፋልዎታለሁ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የሚታጠፍ ጀርባ ስፋልኝ» ብለው ሳቁ።

ከተፈታን በኋላ ልጃቸው አዲስ አበባ ወስዳ አሳከመቻቸው። ሐኪሙ ጅን እንዳልሆነ ነገራቸው፤ የሰውነት በሽታ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቩን ሲያጠቃ የሚመጣ፣ እምብዛም የማይታይ ሕመም ነው አለ። ይህን ሲነግሩኝ «የገዛ አካሌ ጠርጥሮኝ ኖሯል፤ ልክ አንተን ሰው እንደጠረጠረህ» አሉ። መድኃኒቱ ፈጽሞ ባያድናቸውም ያላላቸዋል። በከዘራ ይሄዳሉ።

ባለፈው ሰሞን ሱቄ መጡ። ሳያቸው የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«ኮቴስ?» አሉ።

ያንኑ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። «አባባ፣ ልነካዎት ነው» አልኩ።

«ንካ።»

ትከሻቸውን ለክቼ ልጽፍ ስል ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጊዜ ወስደው፣ ጎንበስ አሉና አነሱልኝ።