በሊሙ መንገድ የተፈታው ስለት

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር፣ ቡናው ዛፍ ላይ ቀልቶ በሚለቀምበት ሰሞን፣ ከጅማ ሊሙ ገነት በእግሬ ሄጃለሁ። ትናንት ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምትማረው ልጄ እራት ላይ፣ «እማ፣ ጓደኞቼ ለዕረፍት ሐዋሳ ሊሄዱ ነው። እኔ ለኪዳነ ምሕረት በእግር ከሚጓዙት ጋር ብሄድ ይሻለኛል» ስትለኝ ያ መንገድ መጣብኝ። የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ።

እኔም ያኔ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያ የዓመት ፈቃዴ ነው። የቢሮ ጓደኞቼ ላንጋኖ እንሂድ ብለውኛል። ሐይቅ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ከጅሏል።

ቤት ግን ስለት ነበረብን። ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ከዓመት በፊት ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ሲቃዥ፣ እናታችን ልጇ ከተረፈላት የጓሮዋን ቡና የመጀመሪያ ለቀማ ሊሙ ላለችው ማርያም ልታስገባ ተሳለች። ዳነ። ቡናው ተለቅሞ ከነገለባው ደረቀ፤ እኛ ጀንፈል የምንለው ነው። እናቴ እግሯ አልሄድ ስላላት ጆንያው ያን ዓመት ሙሉ አልጋዋ ሥር ከረመ።

«በአውቶቡስ እንላከው» አልኩ።

«ፖስታ ነው እንዴ?» አለ ሰለሞን። «የዳንኩት እኔ ነኝ፤ የምሸከመውም እኔ ነኝ። አንቺ ላንጋኖ ሂጂና ጀርባሽን ተጠበሺ።»

ላንጋኖ ቀረ። እናቴ የጆንያውን አፍ በሲባጎ ሰፋችና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይደርስ እንዳይፈታ አዘዘችን። በእኛ ቤት ስለት መንገድ ላይ አይከፈትም።

በየዓመቱ በእግር የሚሄዱት ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ መሩን። የቡ ከተማን ካለፍን በኋላ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ከቡና ማጠቢያው የሚመጣው የኮመጠጠ ሽታ ከእኛ ጋር ይጓዛል። ቆሎ እንቆረጥማለን፤ ከመንገድ ዳር ዘይቶን ለቅመን እንበላለን። ሰለሞን ጆንያውን ከትከሻ ትከሻ እያዘዋወረ ይዘፍናል። እማማ ጥሩነሽ፣ «መዝሙር አታውቅም አንተ?» ይሉታል። እግሬ ተልጦ ነበር፤ ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሊሙ ልንደርስ ስንል እማማ ጥሩነሽ በቡናው ጫካ ውስጥ የሚያቋርጥ መንገድ አለ አሉ። ገና ማለዳ ነው፤ ጉሙ አልተነሣም። መሐል ስንደርስ፣ «ሃቱ» የሚል ድምፅ ሰማን። ሌባ ማለት ነው። የቡና ጠባቂዎች ከየዛፉ ሥር ወጡብን። ባለፈው ሌሊት ከማድረቂያ አልጋቸው ላይ ቡና ተሰርቆባቸው ነበር። እኛ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጆንያ ተሸክመን መንገድ ትተን እንሄዳለን።

ከድር የሚሉት ረጅሙ ጠባቂ ጆንያውን ዳበሰው። «ቡና ነው» አለ። «ክፈት።»

«ስለት ነው» አለ ሰለሞን። «መንገድ ላይ አይከፈትም።»

«ሰርቀህ ነው እንዴ የምትሳለው?» አለው። ሳቁ።

አንዱ ጆንያውን ሊነጥቅ ሲል ሰለሞን ገፈተረው። ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው አልነበረም። የከድር ዱላ የወንድሜ ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሰለሞን ጆንያው ላይ ተደፋና በደህና እጁ አቀፈው። ጀርባውን እንደ እህል ወቁት። እማማ ጥሩነሽን ገፍተው ጭቃ ውስጥ ጣሏቸው። እኔን የያዘኝን ሰው እጁን ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ፤ በጥፊ መታኝና ወደቅኩ። ቀና ስል ሌላው ገጀራውን ከወገቡ ሲመዝ አየሁ።

«ልቀቀው፣ ሰለሞን» አልኩት።

«የእማዬ ቃል ነው» አለኝ። አፉ በደም ተሞልቷል።

እናቴ የተሳለችው ልጇ እንዲኖር ነው። እየተሳብኩ ሄጄ ስፌቱን በጥርሴ በጠስኩና ጀንፈሉን ጭቃው ላይ ዘረገፍኩት።

ጥቁር ነበር፤ የከረመ። የዘንድሮው ቡና ገና ዛፍ ላይ ቀይ ነው፤ ማድረቂያ አልጋቸው ላይ ያለውም እርጥብ ነው። ከድር እፍኝ አንሥቶ ጆሮው ሥር ነቀነቀው። ፍሬው ገለባው ውስጥ ተንኳኳ። «ከን በራ ደርቤቲ» አለ፤ የአምናው ነው። ያልሰማው ጓደኛው ሰለሞንን አንዴ ደገመው። ከድር ዞሮ ፊቱን በቡጢ መታው፤ እሱም ጭቃው ላይ ወደቀ።

ከዚያ ሰለሞንን እነዚያው ሰዎች ተሸክመው መንገድ አወጡት፤ ቡና የጫነ አይሱዙ ሊሙ ሐኪም ቤት አደረሰን። ሌሊቱን ደም ሲተፋ አደረ።

በማግስቱ የማርያም ንግሥ ነበር። ከሐኪም ቤቱ በር ስወጣ ከድር ጆንያውን ይዞ ቆሟል። አፉ እንደገና ተሰፍቷል።

«ለቅመነዋል፣ እኅቴ» አለኝ። «ጭቃው ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም። ወንድምሽ ይድናል?»

«እመቤቴ ታውቃለች።»

«ልሸከምልሽ?»

«ከፊቴ ሂድ» አልኩት። ከኋላዬ እንዲሆን አልፈለግኩም። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ጆንያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ተመለሰ። እኔ ጎትቼ አስገባሁት። ጭቃውም ደሙም አብሮ ገባ።

ሰለሞን ዛሬም አለ። ክንዱ አይዘረጋም፤ ልጆቹን ግን በእሱ አቅፎ አሳድጓል። እመቤቴን ለዚህ አመስግኜ አልጠግብም። ስጸልይ ከድርንም አነሣዋለሁ፤ ስሙን ስጠራ እስካሁን መንጋጋዬ ይጠብቃል።

ማታ ለልጄ መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ ጠዋት አስቀመጥኳትና አንዲት ዱላ ሳላስቀር ነገርኳት።

«እማ፣ ምነው ላንጋኖ በሄድኩ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ብዬ አላውቅም» አልኳት፤ ለመንገዷ በሶ ልጨብጥላት ተነሣሁ።